ለእማዬ የተገዛችው ሳይክል

ባለፈው ቅዳሜ ከባለቤቴ ጋር ዓለም ገና፣ ከአስፋልቱ ዳር ካለ አንድ የሳይክል መሸጫ ገባን። ሰበታ ከሚገኘው ቤታችን እስከ ገበያው ያለው መንገድ ለእግር የራቀ፣ ለባጃጅ ደግሞ የቀረበ፣ ያ የማይመች ዓይነት መንገድ ነው፤ ስለዚህ ወፍጮ ቤትና መድኃኒት ቤት የምመላለስባት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከልጆቹ ጋር ቀስ እያልን የምንንሸራሸርባት አንዲት ሳይክል እንግዛ ከተባባልን ከርመናል። ሻጩ ፀጉሩን ከግራና ከቀኝ የተላጨ ወጣት ነበር፤ "ማዘር፣ ይሄ ማውንቴን ነው፣ ጊሩ አሪፍ ነው፣ ዳገት ምናምን አያውቅም" እያለ ጎማው የበሬ አንገት የሚያህል አንድ ሳይክል አወጣልን። ባለቤቴ ዳገት መውጣት ያሰበ ይመስል በሙሉ ልቡ ያዳምጠዋል። እኔ ግን ጥግ ላይ በላስቲክ ተጠቅልላ ወደቆመች፣ ወገቧ ዝቅ ያለ፣ ከኋላዋ ዕቃ መጫኛ፣ ከፊቷ ቅርጫት ወዳላት ሳይክል ሄድኩ። ላስቲኩን ገለጥ ሳደርገው የአዲስ ጎማና የግራሶ ሽታ ወጣ፤ እጄ እዚያው ኮርቻው ላይ ቀረ፣ ባለቤቴም ሁለት ጊዜ ጠርቶኝ አልሰማሁትም።

እኔ ገና አንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ ሰበታ ሁሉም ሰው ሁሉንም ሰው በአካሄዱ ከሩቅ የሚለይባት ከተማ ነበረች። አባቴ ጌታነህ ፋብሪካ ውስጥ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ እናቴ አየለች ደግሞ ቤቱን፣ እኔንና ደረቱ ሲር ሲር የሚለውን ታናሽ ወንድሜን ዳዊትን ትይዝ ነበር። ቤታችን ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባህር ዛፍ ከበዛበት ቁልቁለት ላይ ስለነበር፣ ክረምት ሲገባ የወጨጫ ተራራ ደመና ወርዶ ጓሯችን ድረስ የሚመጣ ይመስለኛል፤ ጠዋት ስንነቃ ሁሉ ነገር የረጠበ ቅጠል ይሸታል፣ የሰቀልነው ልብስ ሳይደርቅ ይሰነብታል። ከቤታችን ፊት ለፊት የጋሽ ኑሪ ሱቅ ነበር። ያኔ ገና ሐጅ ስላላደረጉ ጋሽ ኑሪ ነበር የምንላቸው፤ ከመርካቶ ዕቃ ያመጣሉ፣ ከዕቃው ጋር ወሬም ያመጣሉ፣ ምክር ግን ከዚያው ከባንኮኒያቸው ኋላ ያገኛሉ።

አባቴ ሥራው በፈረቃ ስለነበር የቤቱ መልእክት ሁሉ የእናቴ ነበር። ወፍጮ ቤቱ ከወንዙ ማዶ፣ የቀበሌው ሱቅ በሌላ አቅጣጫ፣ ዳዊትን የምትወስድበት ጤና ጣቢያ ደግሞ ከሁለቱም የራቀ ነበር። ማታ ማታ እግሯን ሞቅ ባለ ውኃ ስትነክር አባቴ ዝም ብሎ ያያታል። አንድ ቀን ከዚህ ዝምታው ተነሥቶ፣ "ሳይክል እንገዛለን" አለ።

እናቴ ለእሱ መስሏት፣ "ፋብሪካው እኮ ከዚህ እዚያ ነው" አለችው።

"ለእኔ አይደለም። የምትሮጪው አንቺ ነሽ።"

እናቴ በጣም ሳቀች። እኔና ዳዊትም ምን እንደሚያስቅ ሳይገባን አብረን ሳቅን። አባቴ አልሳቀም።

በማግሥቱ ጋሽ ኑሪን ሊያማክር ሄደ፤ ስኳር ተልኬ ስለነበር ሰማኋቸው። ጋሽ ኑሪ ነገሩን የሰሙት እንደ ንግድ ነበር፣ ለማን እንደሆነም አልጠየቁም። "ጥቁሩን ግዛ፣ ጌታነህ" አሉት። "ያንን ትልቁን፣ አግዳሚ ብረት ያለውን። ኩንታል ቢጭኑበት ወገቤን አይልም።" በከተማው የነበሩት ሳይክሎች በሙሉ እንዲያ ያሉ ጥቋቁር ነበሩ፤ ላያቸው ላይ ሬድዮ የሚያስሩ፣ መስተዋት ላይ መስተዋት የሚደረድሩ፣ አንዳንዴም አበባ ያለው ጨርቅ ኮርቻው ላይ የሚያለብሱ ወንዶች ይነዷቸዋል።

መርካቶ የሄድነው አራታችንም ሆነን ነበር፤ የክት ልብሳችንን ለብሰን፣ ሠርግ የተጠራን መስለን። ነጋዴው አባቴን ሲያይ ወዲያው ጥቁሩን ሳይክል ጎትቶ አቆመለት፣ ጎማውን በጡጫ መታው፣ ደወሉን አቃጨለው። ከጥቁሩ ጀርባ አንዲት አረንጓዴ ቆማ ነበር፤ አግዳሚ ብረት የላትም፣ ሰንሰለቷ በክዳን ተሸፍኗል፣ ከፊቷ የሽቦ ቅርጫት አላት። ነጋዴው አባቴ ወደዚያ ሲያይ ቀደም ብሎ፣ "እሷ የሴት ናት ጌታዬ" አለው፣ ጉድለቷን እንደሚነግረው ሰው።

አባቴ ወደ እናቴ ዞረ። "የቷን ትወጃለሽ?"

እናቴ በነጋዴው ፊት አፍራ ነጠላዋን እስከ አፏ አመጣችው፤ ግን በሌላኛው እጇ የአረንጓዴዋን ኮርቻ ዳበሰችው፣ የሰው ሕፃን ራስ እንደሚዳበስ ቀስ አድርጋ። አባቴ፣ "እሷን ነው የምንወስደው" አለ። ወደ ሰበታ ስንመለስ ሳይክሏ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ታስራ ነበር፤ ዳዊት እንዳትወድቅ ተጨንቆ አየር ጤናን አልፈን እስክንሄድ ድረስ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ወደ ላይ ያይ ነበር።

እናቴ የተማረችው ከባህር ዛፉ በታች ባለው የከብት መስክ ላይ ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ምሳ ተበልቶ፣ ሰዉ ቤቱ ጋደም በሚልበት ሰዓት ቀስ ብለን እንወርዳለን። እናቴ ከቀሚሷ ሥር የአባቴን አሮጌ ሱሪ ታጠልቃለች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታስራለች፤ አባቴ ኮርቻውን ከኋላ ይዞ ኮቱ እየተርገበገበ አብሯት ይሮጣል። "እንዳትለቀኝ፣ ጌታነህ!" ትለዋለች። "አልለቅሽም" ይላታል፤ እየለከለከም ይደግምላታል። ሁለት ጊዜ ጭቃ ውስጥ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እበት ውስጥ ወደቀች፤ ስትነሣ አባቴን የምታየው እሱ እንደጣላት አድርጋ ነው። ከብቶቻቸውን ሊያዩ የሚመጡት ኦቦ ደቻሳ፣ ወተት የሚያመጡልን ሽማግሌ፣ በዱላቸው ተደግፈው ይመለከቱናል፤ ሳይክሏንም "ፈርዳ" ብለው ስም አወጡላት፣ በኦሮምኛ ፈረስ ማለት ነው። አንድ ቀን አባቴ እየሮጠ ቆየና ቆመ። እናቴ ግን መሄዷን ቀጠለች። መስኩን አቋርጣ ዳር ስትደርስ ዞር ብላ አየችን፤ ያኔ ፊቷ ላይ ያየሁትን ነገር ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ አላየሁትም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በሐሳቤ ውስጥ ሁሉም መስከረም ነው። እናቴ ጠዋት እህሉን ከኋላ አስራ ትወጣለች፣ ቡና እስክንጠጣ ዱቄቱን ይዛ ትመለሳለች። የሰፈሩ ሴቶች መጀመሪያ አፋቸውን ያዙ፣ ቀጥሎ አሟት፣ ቀጥሎም "አየለች፣ እግረ መንገድሽን" እያሉ ይልኳት ጀመር። የጋሽ ኑሪ ሚስት ዘይነባ በየጊዜው ደወሏን ሰምታ ብቅ ትላለች፤ አንድ ቀን ከግቢያቸው በር ውስጥ ሆና፣ ማንም እንዳያያት ዙሪያዋን ቃኝታ፣ ኮርቻው ላይ ተቀመጠችና ለቅጽበት ዓይኗን ጨፍና ወረደች። ዳዊት ደረቱ ሲነሣበት እናቴ በነጠላ ከጀርባዋ ጋር አስራው ጤና ጣቢያ ትደርሳለች። አባቴ ከሥራ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው ሳይክሏን ነው፤ ጭቃዋን ይጠርግላታል፣ ሰንሰለቷን ዘይት ይቀባላታል፣ ብቻውን ሲሆንም ያፏጫል።

እሑድ ደግሞ አባቴ በከተማው ካሉት ጥቋቁር ሳይክሎች አንዱን ይከራያል። እኔ አግዳሚው ብረት ላይ በጎን እቀመጣለሁ፣ ዳዊት ከእናቴ ኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ ትራስ ተነጥፎለት ይቀመጣል፤ ወደ ዓለም ገና በሚወስደው አስፋልት እንወጣለን። መኪና እምብዛም አልነበረም፤ ቢመጣም ከሩቅ ስለሚሰማ ወርደን ቆመን እናሳልፈዋለን። መንገዱ ግራና ቀኝ አደይ አበባ ነበር፣ ከማሳው የባቄላ አበባ ሽታ ይመጣል፣ አባቴ ጆሮዬ ሥር ሆኖ ሲተነፍስ የሸሚዙ ሳሙና ይሸተኛል። ቁልቁለት ስንደርስ እናቴ ደወሏን እያቃጨለች ታልፈናለች፤ ዳዊት ዞሮ ምላሱን ያወጣብናል። አባቴ ሊቀድማት ይችል ነበር። አንድም ቀን ቀድሟት አያውቅም። ከቁልቁለቱ ግርጌ ጥላ ሥር ሆና ስትጠብቀን ጉንጮቿ ቀልተው፣ ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራትቶ፣ የኔ እናት ሳትሆን የአንዲት ሌላ ወጣት ሴት መልክ ይኖራታል። ቆሎ አውጥታ በመዳፋችን ታካፍለናለች፣ እሷና አባቴም እኛ የሌለን ያህል ወሬያቸውን ይቀጥላሉ።

በሚቀጥለው ክረምት የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ ተሰማ ዓይናቸውን ሊታከሙ ከጎጃም መጡና ቤታችን ተቀመጡ። አያቴ ሲሞቱ አባቴ ሕፃን ነበር፤ ያሳደጉት፣ በበሬያቸው አርሰው ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። አባቴ በፊታቸው እግሩን አጣምሮ አይቀመጥም፣ "አንቱ" ሲላቸውም ድምፁ የልጅ ድምፅ ይሆናል። ክፉ ሰው አልነበሩም። ለእኔና ለዳዊት ከስልቻቸው ማር አውጥተው ይሰጡናል፣ እናቴንም ስትታዘዛቸው ሳይመርቋት አይቀሩም። ዓይናቸው ሲታሸግ ሲፈታ ስለሰነበተ እናቴ በምን እንደምትመላለስ ልብ ሳይሉ ቆዩ።

አንድ ቀን ምሳ ቀርቦ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ጋሽ ተሰማ እንጀራውን እየቆረሱ፣ "ጌታነህ" አሉ፣ "ዛሬ ከሐኪም ስመለስ ሚስትህን መንገድ ላይ አየኋት። የዓይኔ ድካም ነው ብዬ ነበር። ሰዉ ሁሉ ቆሞ ሲያያት ጊዜ ግን እውነት መሆኑን አወቅሁ።"

የቆረሱትን እንጀራ መልሰው አስቀመጡት።

"ቀሚሷን ነፋስ ይዞት፣ እግሯን እያወራጨች። እናታችን ብትኖር ይህን ማን ይነግራት ነበር?" ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ያዘኑ ነበር የሚመስሉት። "ደግሞ አንተ ራስህ ነህ አሉ የገዛህላት። እውነት ነው?"

እናቴ ወጥ ልትጨምር ጭልፋውን እንደያዘች ቀና ብላ አባቴን አየችው። እኔም አየሁት። አባቴ የሚያየው እንጀራውን ነበር፤ ጉርሻ ጠቅልሎ ይዟል፣ አይጎርሰውም፣ አያስቀምጠውም።

"ጋሼ፣ ይብሉ እንጂ" አለ በመጨረሻ። "ወጡ ቀዘቀዘ።"

እናቴ ጭልፋውን ወደ ወጡ መለሰች፣ ለጋሽ ተሰማ ጨመረችላቸው፣ ቀጥላ ለአባቴ ጨመረችለት። በማግሥቱ እህሉን በጀርባዋ አዝላ በእግሯ ወፍጮ ቤት ሄደች።

ጋሽ ተሰማ ዓይናቸው ተሽሏቸው መርቀውን ሄዱ። እኔ በልጅነት ሐሳቤ አሁን ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ይመለሳል ብዬ ነበር። አባቴም እንደዚያ ሳያስብ አልቀረም፤ ሳይክሏን አውጥቶ አጠባት፣ ጎማዋን ነፋ፣ በረንዳው ላይ አቆማትና፣ "ያው አለችልሽ እኮ" አላት፤ "ማን ከለከለሽ?"

"ማንም አልከለከለኝም" አለች እናቴ።

በቃ፣ ያ ነው የተባለው። ጠብ አልነበረም፣ ኩርፊያም አልነበረም፤ ራት በሰዓቱ ይቀርባል፣ የአባቴ ሸሚዝ ይተኮሳል። ኦቦ ደቻሳ ወተት ይዘው ሲመጡ "ፈርዲ ኬ ኤሳ ጂራ? ፈረስሽ የት ገባች?" ብለው ይጠይቋታል፤ እሷም ፈገግ ብላ ጣሳውን ትቀበላቸዋለች። እሑድ ወደ መስኩ መውረድ ቀረ፣ ወደ ዓለም ገና መውጣትም ቀረ። ዳዊት ለጥቂት ጊዜ ጠየቀ፣ ኋላ እሱም ተወው።

ጥቂት ቆይቶ አንድ ጠዋት አባቴ ያቺን አረንጓዴ ሳይክል ይዞ ወጣና እሱ ራሱ ነድቷት ፋብሪካ ሄደ። ቁመቱ ረጅም ስለነበር ጉልበቱ ከመሪው ጋር ይጋጫል፤ የምሳ ዕቃው የሽቦ ቅርጫቷ ውስጥ ይንገዳገዳል። የፋብሪካው ሰዎች "ወይዘሮ ጌታነህ መጡ" እያሉ በር ላይ ተሰልፈው ይስቁበት ነበር አሉ። እሱ ደወሉን አንዴ ያቃጭልና ያልፋቸዋል። ፋብሪካው በእግር የሚያደክም ርቀት ላይ አልነበረም፤ ለምን እንደሚነዳት እኛ ቤት የጠየቀው ሰው የለም። እንዲያ እየተሳቀበት ዓመታት አለፉ፤ የሚስቁት ሰዎች ጡረታ ወጡ፣ ልጆቻቸው ተተኩ፣ እሱም ጡረታ ወጣ። ከዚያ በኋላ ጉልበቱ ሲደክም ለቆራሌው ሰጣት። ቀለሟ ለቆ ነበር፣ ሰንሰለቷ ግን ዘይት አላጣም ነበር።

አባቴ ከሞተ ጊዜው ሄዷል። እንግዲህ ቅዳሜ ዕለት ወገቧ ዝቅ ያለውን ሳይክል ገዝተን፣ ባለቤቴ ማውንቴኑን ዞሮ እያየ ወጥተን፣ እኔ ሳይክሏን እየገፋሁ ወደ እናቴ ቤት ሳቀና ሐጂ ኑሪ እንደ ልማዳቸው ሱቁ ደጃፍ ወንበር ላይ ነበሩ። ሱቁን አሁን ልጆቻቸው ናቸው የያዙት። ሳይክሏን ሲያዩ መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

"የአባትሽን አስታወስሽኝ" አሉኝ። "ሰው ሲስቅበት አሳዝኖኝ፣ አምጣትና በወንድ ሳይክል ላስለውጥልህ ብዬው ነበር። አይሆንም አለኝ። 'ይቺ የአየለች ናት፣ ኑሪ' አለኝ። 'ቆማ ከዋለች ጎማዋ ይደርቃል፣ ሰንሰለቷም ይዝጋል። አየለች በፈለገቻት ቀን ደህና ሆና እንድታገኛት ነው የምነዳት።'"

"ለእማዬ ነግሯት ያውቃል?"

"ለሚስቱ ያልነገረውን ለእኔ ይነግረኛል ብዬ በምን አውቃለሁ ልጄ?" አሉ።

እናቴ በረንዳው ላይ ምስር እየለቀመች አገኘኋት። ሳይክሏን ግድግዳው ላይ አስደግፌ አጠገቧ ተቀመጥኩና ሐጂ ኑሪ ያሉኝን አንድም ሳልጨምር አንድም ሳልቀንስ ነገርኳት። ጣቶቿ ምስሩ ላይ ቆሙ።

"ለኑሪ ነገረው" አለች።

ቀጥላ ትሪውን ከጭኗ አነሣችው። "ያን ቀን ምሳ ላይ አንድ ቃል ነበር የጠበቅሁት። 'አዎ፣ እኔ ነኝ የገዛሁላት' ቢል ይበቃኝ ነበር። ጋሽ ተሰማን ተጣላልኝ አላልኩም። ኋላ በየጠዋቱ እየነዳት ሲወጣ ሳይ፣ ነጠቀኝ እያልኩ ነበር የማየው። ለቆራሌው ሲሰጣትም ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ፤ ሰልችቶት ነው አልኩ። ያኔ ፊቱን ባየው ኖሮ..."

ሁለቱ አንድ ቤት ኖረዋል፣ አንድ ገበታ በልተዋል፣ እኛን ድረዋል፣ የልጅ ልጅ አይተዋል፤ ጎረቤት ሁሉ በትዳራቸው ይቀናል፣ የሚቀናበትም ምክንያት ነበረው። ነገር ግን ከቁልቁለቱ ግርጌ ጥላ ሥር ሆና የምትጠብቀን፣ ጉንጮቿ የቀሉ ያቺ ሴት ከዚያ ክረምት በኋላ ወደ ቤታችን አልተመለሰችም፤ አባቴም ሲያፏጭ የሰማሁት እስከዚያ ዘመን ድረስ ብቻ ነው። እሱ አንድ ቀን ትጠይቀኛለች ብሎ ሰንሰለት ዘይት ሲቀባ፣ እሷ አንድ ቀን ይናገራል ብላ ሸሚዝ ስትተኩስ ዕድሜያቸው አለቀ።

እናቴ በግድግዳው ተደግፋ ተነሣች፣ ጉልበቷን እያሻሸችም ሳይክሏን ትንሽ አየቻት፤ አልነካቻትም።

"እኔም እኮ አፍ ነበረኝ" አለችና ምስሩን ይዛ ገባች።